«በእኔ ስም ግዙ» ለሚላችሁ ሰው፦ ስለ ተተባቱ መንደር ለጠየቃችሁኝ

የደረሰኝ ጥያቄ ሲያጥር እንዲህ ይላል። «ባለቤቴና እኔ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው፣ ሁለታችንም የአሜሪካ ፓስፖርት አለን። ኢንዶኔዥያ፣ ባሊ ለእረፍት ሄደን ወደ ሎምቦክ ደሴት ተሻገርንና ተተባቱ የምትባል የገበሬ መንደር ጥቂት ቀን አደርን። በጣም ወደድናት። የሩዝ ማሳ ዳር ትንሽ መሬት ገዝተን፣ ቤት ሠርተን፣ በዓመት ሦስት አራት ወር እዚያ መኖር አሰብን። ያስተናገደን ሰው ‹የውጭ ዜጋ መግዛት አይችልም፤ ግን በእኔ ስም ግዙ፣ እርስ በርስ እንፈራረማለን› አለን። ደግ ሰው ነው። ምን ትመክረናለህ? ኑሮውስ፣ መንገዱስ እንዴት ነው?»

አጭሩ መልስ፦ ሂዱ፣ ኑሩ፣ ተከራዩ። በሰው ስም ግን አትግዙ። ሰውየው ደግ ቢሆንም አትግዙ። እንዲያውም ደግ ከሆነ ለእሱም ብላችሁ ተዉት። የመሬት ይዞታ ጉዳይ እንጀራዬ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የኢንዶኔዥያ የመሬት ሕግ መሠረቱ በ1960 የወጣው አዋጅ ነው። ትልቁ መብት «ሀክ ሚሊክ» ይባላል። ጊዜ አይገድበውም፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይወረሳል። ይህን መያዝ የሚችለው ኢንዶኔዥያዊ ብቻ ነው። የውጭ ዜጋ በውርስ እንኳ ቢደርሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ለሌላ ማስተላለፍ አለበት። አንቀጽ 26 ደግሞ ገፋ አድርጎ ይሄዳል። ሀክ ሚሊክን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለውጭ ዜጋ የሚያስተላልፍ ሽያጭ፣ ስጦታ ወይም ኑዛዜ ፈራሽ ነው፤ መሬቱ ለመንግሥት ይሆናል፤ የተከፈለው ገንዘብም አይመለስም። «በተዘዋዋሪ» ሲል እንግዲህ የእናንተን ጉዳይ ነው የሚለው።

ይህንን ጨዋታ የሚያጫውቱ ደላሎች ወረቀት ይደራርቡላችኋል። መሬቱ በመንደሩ ሰው ስም ይገዛል። ከዚያ እናንተ ገንዘብ እንዳበደራችሁት የሚገልጽ የብድር ውል ይጻፋል። እሱ ደግሞ የማይሻር ውክልና ይሰጣችኋል። በላዩ ላይ «እውነተኛው ባለቤት እነሱ ናቸው» የሚል ቃል ይፈርማል። ፋይሉ ሲያዩት ወፍራም ነው፣ ማህተሙም ያምራል። ችግሩ፣ ያ የመጨረሻው ወረቀት ራሱ ሕጉን ለማለፍ እንደተስማማችሁ የሚመሰክር ማስረጃ ነው። ፍርድ ቤት ይዛችሁት ብትሄዱ በራሳችሁ ላይ ነው የምትመሰክሩት።

ሰውየው ላይክዳችሁ ይችላል። ግን ይሞታል፣ ሰው ነው። ልጆቹ ካርታው ላይ የአባታቸውን ስም ነው የሚያዩት። ወይ ይፋታል፣ ሚስቱ ድርሻዬን ትላለች። ወይ ልጁን ውጭ አገር ለመላክ ብር ይቸግረውና ካርታውን ባንክ ያስይዛል። እኛ አገር በእህቱ፣ በአጎቱ ልጅ ስም ቤት ገዝቶ ኋላ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ዲያስፖራ ስንት ነው? ያውም በቋንቋው፣ በዘመዱ፣ ሽማግሌ ልኮ። እናንተ ሎምቦክ ላይ ማንን ነው ሽማግሌ የምትልኩት?

እሺ፣ ታዲያ የሚቻለው ምንድን ነው? መንገዶች አሉ፣ ግን ለሦስት ወር መኖሪያ ሁሉም አይመጥኑም።

በኩባንያ በኩል መሄድ አንዱ ነው። የውጭ ባለሀብት ኩባንያ አቋቁማችሁ «ሀክ ጉና ባንጉናን» የሚባለውን በመሬት ላይ የመገንባት መብት መያዝ ትችላላችሁ። ግን ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ የኢንቨስትመንት ዕቅድ ይጠየቃል፤ በዛሬው ምንዛሪ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በየጊዜው ሪፖርት አለ፣ ግብር አለ፣ ሒሳብ ሠራተኛ አለ። ሎጅ ለሚከፍት ሰው እንጂ ለእናንተ አይሆንም። ሌላው «ሀክ ፓካይ»፣ የመጠቀም መብት ነው። በ2021 በወጣው ደንብ መሠረት 30 ዓመት ተሰጥቶ፣ 20 ተራዝሞ፣ 30 ታድሶ እስከ 80 ዓመት ይሄዳል። የውጭ ዜጋም በስሙ ይይዘዋል። ነገር ግን ሕጋዊ የኢሚግሬሽን ሰነድ ያለው መሆን አለበት፤ ቤቱም ለየክልሉ ከተቀመጠ ዝቅተኛ ዋጋ በታች መሆን የለበትም። ያ ዋጋ በቢሊዮን ሩፒያ ነው የሚቆጠረው። ተተባቱ ላይ የገበሬ ቤት የሚያክል ጎጆ ለሚፈልግ ሰው ይህም ቀልድ ነው።

ስለዚህ የቀረው ኪራይ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። መሬት የማይሸጥበት አገር ተወልደን፣ ከተማ ውስጥ በሊዝ እየኖርን ነው ያደግነው። የሚገርመው እዚያ ስንሄድ «ካልገዛሁ» እንላለን!

ኪራዩንም ቢሆን በደረጃ ያዙት። መጀመሪያ መሬት ሳይሆን የተሠራ ቤት ተከራዩ፣ ለአንድ ዓመት። ያውም የዝናቡን ወራት የሚጨምር ይሁን። በደረቁ ወቅት ያየ ሰው ተተባቱን ግማሹን ነው ያየው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግድግዳው ይሻግታል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ተዳፋቱ መንገድ ላይ ሞተር ሳይክል ይንሸራተታል። ይህን ወዳችሁት ከቆያችሁ በኋላ ስለ 20 እና 25 ዓመት ውል እናወራለን። ረጅም ውል ላይ ብዙ አከራዮች ሙሉውን ገንዘብ በቅድሚያ ይጠይቃሉ። በክፍል በክፍል እንዲሆን ተከራከሩ። ሕጉ የሕንፃ መሬት ኪራይን የሚፈቅደው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ለሚኖር የውጭ ዜጋ ስለሆነ ደግሞ የቱሪስት ቪዛ ብቻ ይዛችሁ ረጅም ውል አትፈርሙ።

ውል ከመፈረም በፊት ካርታው እውነተኛ መሆኑን መሬት ቢሮ ሄዶ ማጣራት ግድ ነው። ይህን ኖተሪው ያደርገዋል፤ ደላላው የሚያመጣውን ኖተሪ ሳይሆን ራሳችሁ የመረጣችሁትን፣ ማታራም ከተማ ውስጥ ያለ። ገጠር ላይ ካርታ የሌለው መሬት ገና አለ። ባለቤቱ የድሮ የግብር ወረቀት ያወጣና «ይኸው» ይላችኋል። የግብር ደረሰኝ ካርታ አይደለም። መንግሥት ከ2017 ጀምሮ መንደር በመንደር እየዞረ በዘመቻ ስለሚመዘግብ ብዙው ሰው አሁን ካርታ አግኝቷል፤ እኛ አገር ለገበሬው የይዞታ ደብተር እንደታደለው ማለት ነው። ካርታ የሌለውን ዝለሉት፣ ሌላ ይገኛል።

ካርታውም ኖሮ ሁለት ነገር ይደበቃል። አንደኛው የወንድምና እህት ድርሻ ነው። አባት ከሞተ ቆይቶ ውርሱ ሳይከፋፈል ካርታው በሙት ስም ይቀራል፣ ወይም በታላቅየው ስም ይሆናል። ከወንድሞቹ አንዱ ማሌዥያ ፓልም ዘይት እርሻ ላይ ነው። እህቱ ሳዑዲ ናት። የሁሉም ፊርማ ያስፈልጋል፣ የሌሉት ደግሞ በውክልና። ከአምስት ዓመት በኋላ እህቲቱ መጥታ «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ብትል እውነት አላት።

ሁለተኛው ወለድ አገድ ነው። አዎ፣ የእኛው ወለድ አገድ። እዚያ «ጋዳይ» ይሉታል፣ ሥርዓቱ አንድ ነው። ገበሬው ለሠርግ፣ ለሐጅ ወይም ለልጁ ጉዞ ገንዘብ ይቀበላል፤ አበዳሪው ብሩ እስኪመለስ መሬቱን አርሶ ይበላል። በ1960 የወጣ ሌላ ሕግ እንዲህ ተይዞ ሰባት ዓመት ያለፈው የእርሻ መሬት ያለ ክፍያ ለባለቤቱ ይመለስ ይላል። ግን መንደር ውስጥ ይህን አንስቶ ጎረቤቱን የሚጋፈጥ ብዙ ሰው የለም። ነገሩ ካርታው ላይ አይታይም። የሚያውቀው የመንደሩ ሹምና ጎረቤት ነው። ስለዚህ ማሳው ላይ ሄዳችሁ የሚያርሰውን ሰው ጠይቁ። ባለቤቱ ነው? እኩል አራሽ ነው? ወይስ አበዳሪ? እኩል አራሽ ካለ እናንተ ስትገቡ እሱ ከእንጀራው ይፈናቀላል፤ ያ ጠብ ደግሞ ለመንደር ኑሯችሁ መጥፎ መጀመሪያ ነው።

ሌላው «የሩዝ ማሳ ዳር» ያላችሁት ነገር ነው። ማሳው ላይ ቤት መሥራት ዝም ብሎ አይቻልም። በመስኖ የሚለማ የሩዝ መሬት ከ2009 ጀምሮ በሕግ ይጠበቃል፣ የተከለለው በካርታ ተለይቶ ተቀምጧል። የእርሻ መሬት ባለቤቱ ራሱ የሚያርሰው፣ እዚያው ወረዳ የሚኖር ሰው መሆን አለበት የሚል የቆየ መርህም አለ። ባሊ ላይ ማሳ እየተቆረሰ ቪላ ሲበቅል ስላያችሁ ይፈቀዳል እንዳይመስላችሁ። ቦታው በሰነድ «የጓሮ መሬት» ተብሎ መመዝገቡን አረጋግጡ፤ አረንጓዴውን ከበረንዳ ሆናችሁ እዩት።

ውሃውም ባለቤት አለው። ሎምቦክ ላይ የሩዝ ውሃ የሚከፋፈለው «ሱባክ» በሚባል የገበሬዎች ማኅበር ነው። ሥርዓቱ የመጣው ከባሊ ነው፤ ሆላንዶች በ1894 ደሴቲቱን እስኪይዙ ድረስ ምዕራብ ሎምቦክን የባሊ መሳፍንት ይገዙት ነበር። የማኅበሩን መሪ «ፐካሲህ» ይሉታል። ሰሜን ሸዋ ወይ ጎጃም ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ የውሃ አባት ነው። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ፣ ቦዩን ማን እንደሚጠርግ እሱ ነው የሚያስተባብረው። ቤታችሁን ስትሠሩ ቦይ ብታጥሩ ወይም የመጸዳጃ ውሃ ወደ ቦይ ብትለቁ ከእናንተ በታች ያሉት ማሳዎች ሁሉ ባላንጣ ይሆኑባችኋል። መሐንዲስ ከመጥራታችሁ በፊት እሱን ቡና ጠጡ በሉት።

ሁለታችሁም የውጭ ዜጋ ስለሆናችሁ የጋብቻ ውል ጉዳይ አይነካችሁም። ይህን የሚያነብ ኢንዶኔዥያዊት ያገባ ካለ ግን ኖተሪ ያማክር፤ የንብረት ውል ከሌለ የሚስት መሬትም ጣጣ አለው።

አሁን ወደ ኑሮው እንምጣ። ይኼኛው ደስ ይላል።

ተተባቱ ምሥራቅ ሎምቦክ ውስጥ፣ ከሪንጃኒ ተራራ በስተደቡብ ባለው ግርጌ ናት። ሪንጃኒ 3,726 ሜትር የሚደርስ እሳተ ገሞራ ነው። ጎኑ ላይ የነበረው ሳማላስ የሚባለው ተራራ በ1257 ፈንድቶ ነው ዛሬ ሐይቅ ያለበት ገደል የተፈጠረው። አፈሩ ለም የሆነውም ከእሳተ ገሞራው ነው። ገበሬው ውሃ ሲኖረው ሩዝ ሁለቴ ያመርታል፣ ውሃው ሲቀንስ ትምባሆ፣ በቆሎ፣ ቃሪያ ይተክላል። በመንገድ ዳር ያያችኋቸው ከጡብ የተሠሩ ረጃጅም ክፍሎች የትምባሆ ማድረቂያ ናቸው። የመከሩ ሰሞን ቀን ከሌት እሳት ይነድባቸዋል፤ አስም ያለበት ሰው ካላችሁ ያንን ወቅት ዝለሉት። መንደሯ በ2021 ኢንዶኔዥያ ለዓለም የቱሪዝም ድርጅት የምርጥ መንደሮች ውድድር ካቀረበቻቸው አንዷ ነበረች፤ ሽልማቱ ለጃቫዋ ንግላንገራን ሄደ። እኔ እንኳን ቀረ እላለሁ፤ ባሊን የበላው የቱሪስት ጎርፍ እስካሁን እዚህ በደንብ አልደረሰም።

ሕዝቡ ሳሳክ ነው፣ እስላም፣ ሃይማኖቱን የሚያከብር። ከየትኛው አገር ናችሁ ስትባሉ «አሜሪካ» ብላችሁ አትቁሙ። ኢትዮጵያ በሉ። ካልገባቸው «ሀበሻ» በሉ። ቢላልንና ስደተኞቹን የተቀበለውን ንጉሥ ነጃሺን ከልጅነታቸው ተምረው ነው ያደጉት። ፊታቸው ሲበራ ታያላችሁ። ሌላም መተዋወቂያ አለ፣ እሱ ግን ትንሽ መራራ ነው። ምሥራቅ ሎምቦክ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሰው ወደ ውጭ በብዛት ከሚላክባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ወንዱ ማሌዥያ፣ ሴቷ ሳዑዲ። ከኢትዮጵያ እህቶቻችን ጋር አንድ ከተማ፣ አንዳንዴም አንድ ቤት ውስጥ የሠሩ እናቶች አሉ፤ ከእኔ አማርኛ ይልቅ በእነሱ አረብኛ ነው የምንግባባው። እኛ በ2013 ጉዞውን አገድን፣ እነሱ በ2015 የቤት ሠራተኛ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መላክን አገዱ፤ ሁለቱም ጋ ሰው በጎን መሄዱን አልተወም። መንደሩ ውስጥ ባለ ሴራሚክ አዲስ ቤት ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ከዚያ የመጣ ብር ነው። ልጆቹን አያት ናት የምታሳድገው።

እንግዳ የሚቀመጠው ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው «በሩጋክ» ላይ ነው፣ ክዳን ያለው ከፍ ያለ የእንጨት መደብ። ቡናው ሳይጠለል፣ ስኳር በዝቶበት ነው የሚመጣው፤ አንዳንዱ ቤት የተቆላ ሩዝ ቀላቅሎ ይወቅጠዋል። ፊታችሁን አታጨማድዱ! በኋላ የራሳችሁን ቡና ቆልታችሁ ጋብዟቸው፣ ግማሽ መንደር ይመጣል። ድግስ ላይ በአንድ ትሪ ከብበው በቀኝ እጅ ይበላሉ፤ ይህንን ማንም ሊያስተምራችሁ አይችልም። በርበሬውም ለእኛ አፍ ነው የተሠራው። ጿሚ ከሆናችሁ ከአኩሪ አተር የሚሠሩት ቴምፔና ቶፉ በየቀኑ አሉ፤ ብቻ «ፐለቺንግ» በሚሉት የቅጠል ምግብ ላይ ያለው ድልህ ብዙ ጊዜ የባሕር ሽሪምፕ ስለሚገባበት ጠይቁ። ረመዳን ላይ ቀን ምግብ ቤት አይከፈትም፣ አልኮልም ወደ መንደሩ ቤት አታስገቡ። ልብስም ሸፈን ያለ ይሁን።

አንድ ነገር በደንብ ያዙ። «ባንጃር» የሚባል አላቸው፣ እድር በሉት። ለሐዘንና ለሠርግ እየተዋጣ የሚሠራ ነው። ሦስት ወርም ብትቆዩ መዋጮ ክፈሉ፣ ለቅሶ ድረሱ። ከማንኛውም ኖተሪ የበለጠ ዋስትና ነው። ስትደርሱም ባለቤቱ ለመንደሩ ሹም በ24 ሰዓት ውስጥ እንግዳ መጣልኝ ብሎ ማስመዝገብ አለበት፤ አብራችሁ ሂዱ፣ ክብር ነው።

ቤት ስትመርጡ 2018ን አትርሱ። ጁላይ 29 በ6.4፣ ኦገስት 5 በ6.9 መሬት ተንቀጥቅጦ ከ500 በላይ ሰው ሞቷል። ጉዳቱ የከፋው በሰሜኑ በኩል ነበር። የጡብ ግድግዳ ብቻ ያለውን ቤት አትከራዩ፤ በማዕዘኖቹ የብረት አምድ፣ ከላይ ደግሞ የታሰረ የኮንክሪት ቀበቶ መኖሩን ሰው አምጥታችሁ አስፈትሹ።

መንገዱ ቀላል ነው። ከባሊ በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ወይም ከፓዳንግባይ ወደ ለምባር በትልቁ ጀልባ አራት አምስት ሰዓት። ከፕራያ አየር ማረፊያ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። የሕዝብ መኪና ዋናው መንገድ ላይ ፖሞቶንግ ድረስ ያደርሳችሁና ከዚያ በሞተር ትወጣላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ቸኩላችሁ አትጓዙ፣ ትልልቅ ከበሮ ይዞ የሚሄድ የሠርግ ሰልፍ መንገዱን ይዘጋዋል፤ ወርዳችሁ እዩት እንጂ ክላክስ አታድርጉ። ሞተር ለመንዳት ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ የሞተር ምድብ መኖር አለበት፣ አለበለዚያ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። ሆስፒታል ሰሎንግ ከተማ አለ፣ ከበድ ያለ ነገር ማታራም ይሄዳል። ጥሬ ብር ያዙ። ከሰዓት በእግር ወደ ጀሩክ ማኒስ ፏፏቴ፣ ሌላ ቀን ሎዮክ ሄዳችሁ የቀርከሃ ሥራ፣ ፕሪንጋሰላ ደግሞ ሸማኔዎቹን እዩ። ሪንጃኒን ለመውጣት ከጃንዋሪ እስከ ማርች ይዘጋል።

በአሜሪካ ፓስፖርት ስትደርሱ 500,000 ሩፒያ ከፍላችሁ የ30 ቀን ቪዛ ታገኛላችሁ፣ አንድ ጊዜ ለ30 ቀን ይራዘማል። ስለዚህ ለሦስት ወር አይበቃም፤ አስቀድማችሁ ሌላ ዓይነት አመልክቱ። ቀን ካለፈባችሁ በቀን 1,000,000 ሩፒያ ቅጣት ነው። ለረጅም ጊዜ «ሁለተኛ ቤት» የሚባለው የአምስትና የ10 ዓመት ቪዛ አለ፤ በ2022 ሲጀመር 2 ቢሊዮን ሩፒያ በመንግሥት ባንክ ማስቀመጥ ይጠይቅ ነበር። በአዲስ አበባ በኩል ዘመድ ጠይቃችሁ ከሄዳችሁ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይዛችሁ ሁኑ። እና እባካችሁ፣ ከአዲስ የሚመጣ ሰው «ትንሽ ለመንገድ» ብሎ ጫት እንዳይሸጉጥላችሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እዚያ አንደኛ ምድብ አደንዛዥ ዕፅ ነው፣ ፍርዱ በዓመታት ነው የሚቆጠረው።

ለአስተናጋጃችሁ እንዲህ በሉት፦ «በስምህ አንገዛም፣ ግን ቤትህን ለአንድ ዓመት አከራየን፣ ኖተሪ ዘንድ እንሂድ።» ደግ ሰው ከሆነ ቅር አይለውም። ረቂቁ ሲዘጋጅ ስምና ቁጥሩን ሸፍናችሁ ላኩልኝ፣ የወንድሞቹ ፊርማ ያለበትን ገጽ ጨምራችሁ።